የሰኞ ገበያ ልጆች

ስለ ክበብ አንድ ነገር ጻፉ ስንባል መጀመሪያ የሳቅነው እኛው ነን። በዚህ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ክበብ የሚባለውን ነገር የሸሸ ተማሪ ቢቆጠር የእኛን ያህል የሸሸ አይገኝም ነበርና። ይሁን እንጂ የመንገዱን ጉድጓድ አጥርቶ የሚያውቀው የወደቀበት ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከእኛ ስንፍና አንድ ነገር ቢያተርፉ ብለን ብዕራችንን አነሣን።

አራት ነን፤ አራታችንም ከባቲ ነው የመጣነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ የሚሌንና የአሰብን መንገድ ይዘው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል የሚያገኟት ከተማ ነች። በአማራ ክልል፣ ከሚሴን ዋና ከተማው ባደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። በአካል የማያውቃት ቢኖር እንኳ የሰኞ ገበያዋን ዝና ሳይሰማ አይቀርም። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ከቆላው ይወጣል። ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። በዙሪያዋ ያለው የኦሮሞ ገበሬም ማሽላውንና ከብቱን ይዞ ይመጣል። አንዱ በአፋርኛ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይከራከራል፣ ሦስተኛው በአማርኛ ይምላል፤ ደላላው ደግሞ ሦስቱንም እየቀላቀለ መሐል ላይ ይጮኻል። እኛ ያደግነው በዚያ ጫጫታ ውስጥ ነው። ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት መሄድ ምን ያህል ቅጣት እንደነበረ የባቲ ልጅ ያውቀዋል።

ወላጆቻችን ስለ ገበያ የሚያውቁት አንድ እውነት አለ። ሰው ገበያ የሚወጣው የሌለውን ፍለጋ ነው። ጨው ያለው ከጨው ነጋዴ አጠገብ ተቀምጦ አይውልም። ቢውልም ማታ ጨውን እንደ ተሸከመ ነው የሚመለሰው።

ይህን ከጡት ጋር ጠብተን በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ገባን። ሦስታችን አምስት ኪሎ ምሕንድስና ደረሰን፤ አራተኛዋ እህታችን ስድስት ኪሎ ሆነች። ታዲያ እኛ የሰኞ ገበያ ልጆች ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ካፌ ውስጥ አንድ ጥግ መረጥንና “የባቲ ጠረጴዛ” ብለን ሰየምነው! ጠዋት እዚያ፣ ቀን እዚያ፣ ማታ እዚያ። የተቀረው ጊዜ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ዶርም ነው። ከዶርማችን ልጆች ጋር እንኳ ከ“እንዴት አደርክ” እና ከ“መብራቱን አጥፋው” ያለፈ ቃል አልነበረንም። እህታችን እሑድ እሑድ ከስድስት ኪሎ እየመጣች “ኧረ እናንተ ልጆች፣ ከዚህ ግቢ ውጡ!” ስትለን “የመጣነው ልንማር ነው፤ ክበብ የሥራ ፈት ነው” እንላት ነበር። ይህን ስንል ደግሞ ትልቅ ነገር የተናገርን እየመሰለን አንገታችንን ቀና እናደርጋለን።

አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። አምስት ኪሎ ደጃፋችን ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር በተባለው የአፋር ምድር የተገኘችው ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው። ሐዳር ደግሞ እኛ ከባቲ ቁልቁል ስናየው ባደግነው ቆላ ውስጥ ነው። ዓለም በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሊያያት የሚመጣውን የቆላ ጎረቤታችንን እኛ አንድ ዓመት ሙሉ አጥሯን ታክከን ስናልፍ አንድ ቀን ገብተን አልጠየቅናትም። ከግቢ አለመውጣት ይህን ያህል ያሳውራል።

እንግዲህ ጠረጴዛችን የሚጠብቀን መስሎን ነበር። የአገር ልጅ ከአገር ልጅ ጋር ከሆነ ምን ይነካዋል? በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን በአገሪቱ ልዩ ልዩ ዩኒቨርስቲዎች ተማሪው በብሔር እየተከፋፈለ የተጋጨበት፣ የተማሪ ሕይወት የጠፋበት፣ ብዙው ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ወሬ በየስልካችን ገባ። ከአራታችን ሁለታችን ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ በሁለታችን ቤት አማርኛ። ባቲ ሳለን ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ እናቶቻችን በአንድ ጀበና ነው የሚጠጡት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን አንዳችን ከስልኩ ላይ አንድ ነገር አነበበ፤ ሌላው “ይኼ ውሸት ነው” አለ፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ሳህኑን አንሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። በቃ። ዱላ አልተነሣም፣ ስድብም አልነበረም። የሳህን ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው። ያንን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ያን ጊዜ ያልገባን ዛሬ ገብቶናል። ያ ጠረጴዛ የተሰበረው ሌላ ምንም ስላልነበረን ነው። ዓለማችን በሙሉ አራት ወንበር ላይ ነበረች፤ አንዱ ሲነሣ ሁሉም ነገር ተናጋ። ብንቆጣ የምናማክረው፣ ወሬውን ብንጠራጠር የምንጠይቀው፣ “ተው እንጂ” የሚለን አራተኛ አምስተኛ ሰው አልነበረንም። በራስ ሰው ብቻ መታጠር የራስን ሰው እንኳ አያቆይም።

ሁለት ሳምንት ሳንነጋገር ሰነበትን። እህታችን ይህን ስትሰማ አልመከረችንም፣ አላስታረቀችንምም። “ቅዳሜ ማታ ስድስት ኪሎ የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ዝግጅት አለው፤ ወንበር የሚሸከም ሰው ቸግሮናል፤ ሦስታችሁም እንድትመጡ” ብላ ለየብቻችን ላከችብን። የባቲ ሴት ስታዝዝ እንቢ አይባልም። ሄድን፤ ሳንነጋገር ወንበር ተሸከምን። አግዳሚ ወንበር ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ በዚህ በኩል አንዱ፣ በዚያ በኩል ሌላው መያዝ አለበት። “ወደ ግራ”፣ “ቀስ በል”፣ “አውርደው” ማለት ግድ ሆነብን። የእርቃችን የመጀመሪያ ቃላት እነዚያ ነበሩ።

ዝግጅቱ ሲጀመር አንድ ልጅ ክራር ይዞ ወጣ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የመጣው፤ ያሬድም የዚሁ የዩኒቨርስቲያችን አካል መሆኑን ያን ማታ ነው የሰማነው። ሲጨርስ አጠገባችን ተቀመጠና ጠየቀን።

“ከየት ናችሁ?”

“ከባቲ።”

“ከሜጀሩ ነው ከማይነሩ?”

አፈጠጥንበት። የቀለደብን መስሎን አንዳችን ልንቆጣ ሁሉ ቃጣን። ልጁ ግን የምር ነው የጠየቀው፤ እኛ አለማወቃችን ሲገባው ደግሞ እሱ ደነገጠ። “እንዴ! የአገራችሁ ስም ያለበትን ቅኝት አታውቁትም?” አለና ክራሩን መልሶ አነሣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ የዜማችን ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ እንዳላቸው ነገረን። ቀጥሎም ባቲን ብቻዋን ለይቶ አሰማን። “ስሙ” አለን፤ “ባቲ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ሬን ዘልሎ ሚ ላይ ነው የሚያርፈው። የመጀመሪያው እርምጃ ሰፊ ነው። ከሚ ወደ ፋ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ ነች፤ ጠባብ። ጆሮ የሚይዘው ይኼ ነው።”

የሠርግና የድግስ ዘፈን ሲዘፈን ስንሰማ ያደግነው ነገር ሥርዓት ያለው፣ የሚቆጠር፣ የሚለካ መሆኑን ከአንድ ባቲን በዓይኑ አይቶ ከማያውቅ ልጅ ሰማን። እሱ ደግሞ ባቲ ግመል የሚሸጥባት፣ አቧራ የሚጨስባት፣ ሰው የሚኖርባት ከተማ መሆኗን በደንብ የሰማው ከእኛ ነው። እኛ ከተማዋን ይዘን መጣን፣ እሱ ዜማዋን ይዞ ጠበቀን። ገበያ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ስለዚሁ ስድስት ኪሎ ግቢ አንድ ታሪክ የነገረን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ ዩኒቨርስቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረበት ዘመን፣ ሐሊም ኤል ዳብህ የተባለ በግብፅ የተወለደ የሙዚቃ ሰው “ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ”ን አቋቋመ። ክራር የሚመታውን፣ ማሲንቆ የሚገዘግዘውን፣ ዋሽንት የሚነፋውን፣ በየአገሩ በየራሱ ወግ ይጫወት የነበረውን ሁሉ በአንድ መድረክ አስቀመጠው። በኋላ ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ቻርልስ ሰተን የሚባል በሰላም ጓድነት የመጣ አሜሪካዊ ወጣት እንኳ ማሲንቆ ተምሮ አብሯቸው ተጫውቷል። አንዱ ክራር ስላለው ማሲንቆ አያስፈልገኝም ቢል ኖሮ ያ ኦርኬስትራ አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀደሙ ተማሪዎችን ታሪክ እያነበብን ስንሄድ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ተረዳን። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በነፃ የትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ከአገራችን ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍልና በአንድ ማደሪያ ኖረዋል። ስለ ነፃነትና ስለ አፍሪካ ያመጡት ክርክር የዚያን ጊዜውን የኢትዮጵያ ተማሪ ዓይን ገልጧል። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ “ደሃው ይናገራል”ን ያነበበው በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ፣ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ነው። ያ ግጥም በአንድ ዶርም ውስጥ ለሦስት የአገር ልጆች ተነቦ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማን ስሙን ያነሣው ነበር?

ወደራሳችን እንመለስ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ግቢውን አዘጋው። ስንመለስ ክበቡ እኛን ጠበቀን፣ እኛም ክበቡን ናፍቀን ነበር። በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ ዕረፍት ላይ ሦስት የክበብ ጓደኞቻችንን ይዘን ባቲ ወረድን። ባለ ክራሩ አለ፤ ጥቁር አንበሳ ሕክምና የሚማር የአፋር ልጅ አለ፤ ዋጋ ያልተለጠፈበት ዕቃ ገዝታ የማታውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ከኮሜርስ መጥታለች።

ሰኞ ገበያ ገባን። የሐኪሙ ተማሪ ከአፋሮቹ ጋር ቆሞ ሲያወራ እኛ በዝምታ አዳመጥን። ዘወር አለና “ይኼ ሽማግሌ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?” አለን። አናውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በጆሯችን ሲገባ የኖረው ድምፅ ለእኛ እንደ ግመሉ ጩኸት ነበር። “‘ይህችን ግመል የምሸጣት የልጄን ሕመም ላሳክምባት ነው፤ ዋጋ አትቁረሱብኝ’ ነው የሚለው” አለን። አፈርን። ጎረቤታችንን የተረጎመልን ከአዲስ አበባ የመጣ የክበብ ጓደኛ ነው።

የኮሜርሷ ልጅ አንዱን ደላላ “አያ፣ ከገዢውም ከሻጩም ገንዘብ ይቀበላሉ?” ብላ ስትጠይቀው “ታዲያስ! ሁለቱንም ያስማማሁ እኔ አይደለሁ?” አላት፤ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ባለ ክራሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባቲን የሚዘፍን ሰው ሲፈልግ ዋለ። “እንዴ፣ ባቲ ውስጥ ባቲን የሚዘፍን የለም?” እያለ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት ገባ። ማታ የአንዳችን እናት ቡና እየቆሉ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ ግን ከመደቡ ብድግ አለ። “እማማ፣ ይድገሙልኝ!” አላቸው። “ምኑን ልጄ?” አሉት፤ ያንጎራጎሩ አልመሰላቸውም። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ክራሩ የእሳቸውን ድምፅ ሲከተል አመሸ። ሳህኑን አንሥቶ የሄደው ጓደኛችን የእኚህ እናት ልጅ ነው። ያን ማታ ከሁላችን መሐል ተቀምጦ ነበር።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ጨዋታ ሆኖ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አንደፍርም ነበር። የክበብን ጥቅም ያወቅነው በሌላ ቀን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። አራታችንም ቤታችን ስንደውል የምንሰማው ያንኑ የማሽን ድምፅ ነው። እናት ይኑሩ አይኑሩ፣ አባት ይሽሹ አይሽሹ አይታወቅም። ፈተና ቀርቧል፤ ማን ያነባል? ተመልሰን እዚያችው የካፌ ጥግ ተሰበሰብን። በዚህ ጊዜ ግን አራት ብቻ አልነበርንም። ማንም ሳይጠራቸው ከስድስት ኪሎ፣ ከጥቁር አንበሳ፣ ከያሬድ መጡ። አንዷ ዳቦ ይዛ መጣች፤ አንዱ የክፍል ማስታወሻውን ገልብጦልን መጣ፤ አንዱ ምንም ሳይዝ መጥቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ብዙዎቹ በየቤታቸው የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ነው፤ ስለ ጦርነቱም የሚያስቡት አንድ ዓይነት አልነበረም። ስለ እናቶቻችን ግን አንድ አሳብ ነበራቸው።

የሐኪሙ ተማሪ አጎት ሎጊያ ሱቅ ነበራቸው። ልጁ ለእሳቸው ደወለ፤ እሳቸው ሚሌ ያለ ዘመድ ጠየቁ፤ ዘመዱ ከባቲ በኩል የወረዱ ሰዎችን አፈላለገ። በአምስተኛው ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ቡና ሲቆሉ ያንጎራጎሩልን እናት ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዘው መንገዱ ሳይዘጋ ሚሌ ገብተዋል፤ ያረፉትም በሰኞ ገበያ ለዓመታት ፍየል ሲገዙ ያወቋቸው የአፋር ቤተሰብ ቤት ነው። ስልኩን ለልጃቸው ሰጡት። “አብሽር ልጄ፣ ደኅና ነን” የሚለው ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ። ልጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያ ጠረጴዛ ያን ሳህን ያነሣበት ጠረጴዛ ነው።

የሦስታችንን ቤተሰብ ወሬ ያገኘነው ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ባቲ ከተለቀቀች በኋላ ነው። የአንዳችን ቤት ለቅሶ ተቀምጦ ነበር የቆየው። እሱንም ቢሆን ብቻችንን አልተቀመጥነውም።

አሁን አንዳንዱ ወዳጃችን “እንግዲያው ለችግር ቀን የሚሆን ዘመድ ለማጠራቀም ክበብ ልግባ?” ሳይል አይቀርም። አይደለም። በዚያ አሳብ የገባ ሰው ቶሎ ይታወቃል፤ ገበያ ላይ ዋጋ እየጠየቀ ምንም የማይገዛውን ሰው ይመስላል። እኛ የገባነው ወንበር ለመሸከም ነው። ዝምድናው በኋላ፣ ሳናስበው ነው የመጣው።

እውነቱን ለመናገር ክበብም ጉድለት አለው። ስብሰባው ይረዝማል፤ ሊቀ መንበር ለመሆን የሚጣላ አይጠፋም፤ ለምስክር ወረቀት ብቻ የሚመዘገብም አለ። ከእኛም አንዱ በ2013 ዓ.ም. አንድ ኮርስ ደግሟል። ያን ጊዜ በክበቡ አሳበበ፤ በኋላ ስንመረምረው ግን ጊዜውን የበላው ክበቡ ሳይሆን ከክበቡ በኋላ ያለው የሌሊት ወሬ ነበር። ስለዚህ በሳምንት አንድ ማታ ይበቃል፤ የሰኞ ገበያም በሳምንት አንዴ ነው የሚቆመው። በየቀኑ ገበያ የሚውል ሰው እርሻው ዳዋ ይውጠዋል። ግን አንድም ቀን ገበያ ያልወጣ ገበሬ እህል በጎተራው ሞልቶ አልጫ ወጥ ሲበላ ይኖራል፤ ጨው የለውምና።

የክበቡ ዓይነት ለእናንተ እንተዋለን። ሥነ ጽሑፍ ይሁን፣ ክርክር ይሁን፣ ቀይ መስቀል ይሁን፣ ኳስ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን፤ የራሳችሁ ዲፓርትመንት ልጆች ብቻ የተሰበሰቡበትን አትምረጡ። እሱ ክፍል ነው፤ ክፍል ደግሞ አላችሁ። ምሕንድስና የምትማር ከሆንክ ባለ ቅኔ ፈልግ፤ ሕክምና የምትማሪ ከሆንሽ ሥዕል ከሚሥል ጋር ተከራከሪ። ከአገርህ ልጅ ጋር መብላትህን አትተው፤ እኛም አልተውንም። ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ትርፍ ወንበር ይኑር።

ዛሬ ከአራታችን ሁለታችን ለሁለተኛ ዲግሪ ተመልሰን እዚሁ ነን፤ ይህን የጻፍነውም አራታችን በስልክ እየተመካከርን ነው። አዲስ ገቢዎች ከየአውቶቡሱ ሲወርዱ፣ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ በየጥጉ ሲቀመጡ እናያለን። የራሳችንን ፊት የምናይ ይመስለናል። ያ ባለ ክራር ያለንን ልንነግራቸው ይቃጣናል፤ የመጀመሪያው እርምጃ ሰፊ ነው፣ ያስፈራል፤ ቀጥሎ ያለው ግን ጠባብ ነው። ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ እኛን ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብናል።

ክበባችን አሁንም ቅዳሜ ማታ ይሰበሰባል። ግጥም ያለው ግጥሙን ይዞ ይምጣ። ግጥም የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ፤ ወንበር የሚሸከም ሰው ዛሬም ቸግሮናል።